መርዶው እንዴት ተነገረ? የሕይወት ዋጋ በዲስቶፒያ ልቦለድ ገጸ ባሕርያት

የጠፈር መንኮራኩሩ ሞተር ለሙከራ ሲነሳ ከሥሩ ያልራቁ አሥር ያህል ሠራተኞች በቅጽበት ዐመድ ሆኑ። ግንባታውን የሚመራው መሐንዲስ ዲ-503 አደጋውን በማስታወሻው የሚመዘግበው በኩራት ነው፤ የሥራው ምት ለሰከንድ አልተዛነፈም፣ የደነገጠም ሰው አልነበረም። ቀጥሎ ሒሳብ ይሠራል። አሥር ሰው ማለት ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ ቢሆን ነው፤ ለሥራ ጉዳይ ከዜሮ አይለይም። በዚህ ማዘን፣ እሱ እንደሚለው፣ ቁጥር የማያውቁ የጥንት ሰዎች ነገር ነው፤ እንዲያውም ያስቀዋል።

ይህ የየቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» ነው። ዛምያቲን ልቦለዱን በ1920 እና በ1921 ጻፈው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ አገሩ ሩሲያ ውስጥ ማሳተም ስላልተፈቀደለት መጀመሪያ የወጣው በ1924 ኒው ዮርክ፣ በእንግሊዝኛ ትርጉም ነበር። ደራሲው በሙያው የመርከብ መሐንዲስ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ አገር ለሩሲያ የሚሠሩ በረዶ ሰባሪ መርከቦችን ይቆጣጠር ነበር። ሞትን በክፍልፋይ የሚያሰላ አእምሮ ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል ያወቀው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ዲ-503 ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ሥራውን የሚወድ፣ ቁጥር ደስ የሚያሰኘው፣ የእጁ ጠጉር የሚያሳፍረው ሰው ነው።

ስለ ዲስቶፒያ ልቦለዶች፣ ማለትም ሰውን የሚጨቁን ምናባዊ ሥርዓት ስለሚታይባቸው ልቦለዶች፣ ሲጻፍ ገጸ ባሕርያቱን በሁለት ረድፍ ማቆም ተለምዷል፤ አመፀኛው በአንድ በኩል፣ ተገዢው በሌላ በኩል። አመፀኛው ሕይወትን ያከብራል፣ ተገዢው አያከብርም ተብሎ ይዘጋል። ይህ አሰላለፍ ለፈተና ወረቀት ይበቃ ይሆናል፤ መጻሕፍቱን ገልጦ ለሚያነብ ሰው ግን ገና ሃምሳ ገጽ ሳይሄድ ይፈርሳል። ከአመፀኞቹ ሁሉ የታወቀው የ«1984» ዋና ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ስሚዝ ነው፤ ለዓላማው ሲል በሕፃን ፊት ላይ አሲድ ለመድፋት ፈቃደኛ ነኝ ያለውም እሱ ነው።

የሚሻለው መርዶውን መከተል ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ስለ ሰው ክብር የሚናገረውን ለጊዜው እንተወውና በታሪኩ ውስጥ ስሙ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚነሳ ሰው የሞተበትን ገጽ እንፈልግ። እዚያ ገጽ ላይ አራት ነገር ይጠየቃል። ለሞቱ የተሰጠው ቃል ምንድን ነው? ሟቹን የቆጠረው ማን ነው፣ በምን መስፈሪያ? አስከሬኑ የት ደረሰ? ተራኪው ወይም መርዶውን የሰማው ሰው ወዲያው ቀጥሎ ባለው ዓረፍተ ነገር ምን አደረገ? ሦስቱ ጥያቄዎች ሥርዓቱን ያሳያሉ። ገጸ ባሕርይን ከገጸ ባሕርይ የሚለየው አራተኛው ነው፤ ቃሉንና መስፈሪያውን ሥርዓቱ ቢሰጠውም ያቺን ቀጣይ ዓረፍተ ነገር የሚሞላት ሰውየው ራሱ ነውና። ዲ-503 የሞላት በሒሳብ ነበር።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ኦ-90 የምትባል ሴት አለች። ለእናትነት ከተወሰነው ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ስለሚጎድላት መውለድ አይፈቀድላትም። ዝምተኛ ናት፤ ሴራ አታውቅም፤ ከአመፀኛዋ ከአይ-330 ጋር ስትወዳደር ተገዢ ከሚለው ረድፍ የምትገባ ናት። ግን የሞት ቅጣት እንዳለበት እያወቀች ትፀንሳለች። 10 ሴንቲ ሜትሩን አልተከራከረችውም፤ ትክክል አይደለም ብላም አልተናገረች፤ ልጅ ፈለገች፣ በቃ። ዲ-503 በበኩሉ ለአይ-330 ባለው ፍቅር ሲናጥ ከርሞ፣ መጨረሻ ላይ ምናብን በጨረር የሚያቃጥለው ሕክምና ይደረግለታል። ከዚያ ሴቲቱ አየር በሚመጠጥበት የመስታወት ደወል ሥር ስትሠቃይ ቁጭ ብሎ ያያል። ፊቷ በጣም ነጣ፣ ዓይኖቿ ጥቁርና ትልልቅ ስለሆኑም ያምር ነበር ብሎ ይጽፋል። ይህ መርዶ አይባልም፤ የሥዕል አስተያየት ነው። ከአሥሩ ሠራተኞች ገጽ እስከዚህ ገጽ ብዙ መንገድ የሄደ ይመስላል፤ የደረሰው ግን እዚያው ነው።

ቃሉ

በሎይስ ሎውሪ «ዘ ጊቨር» (1993) ሞት በስሙ አይጠራም። አዛውንት፣ ሦስት ጊዜ ያጠፋ ሰው፣ በጊዜው ያላደገ ሕፃን «ይሰናበታል»። ልጁ ዮናስ የአሥራ ሁለት ዓመት ሰው እስኪሆን ድረስ መሰናበት ማለት ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ይመስለዋል። አንድ ቀን የአባቱን ሥራ በቀረጻ ያያል። አባትየው ሕፃናት አሳዳጊ ነው። መንትዮች ተወልደዋል፤ አንድ መልክ ያላቸው ሁለት ሰዎች ማኅበረሰቡን ስለሚያምታቱ አንዱ ብቻ ይቀራል። አባት ሁለቱንም ሚዛን ላይ ያወጣል። ቀለል ያለውን ለይቶ ያስቀምጣል፣ መርፌውን ከግንባሩ በላይ፣ ቆዳው ከሚርገበገብበት ቦታ ይወጋዋል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ያወራዋል። ከዚያ ትንሿን አስከሬን በካርቶን ያሽጋትና ቆሻሻ በሚጣልበት ዓይነት ቀዳዳ ይለቃታል። ቻው ይለዋል።

አራቱን ጥያቄ እዚህ ላይ እንሞክራቸው። ቃሉ መሰናበት ነው። ቆጣሪው አባት ነው፤ መስፈሪያው ሚዛን። አስከሬኑ ቱቦ ውስጥ ገብቷል። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ስንብት ነው፣ በለሰለሰ ድምፅ። መጽሐፉን የሚያከብደው ግን ሌላ ነገር ነው። ይኸው አባት ገብርኤል የሚባል ደካማ ሕፃን እንዳይሰናበት ለምኖ የአንድ ዓመት ጊዜ አስጨምሯል፤ ሕፃኑን በስሙ ብጠራው ይጠነክር ይሆናል ብሎ ያልተፈቀደለትን የስም ዝርዝር አሾልኮ አይቷል፤ ማታ ማታ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። የሚራራ ሰው ነው። ርኅራኄው ግን ከደንቡ አጥር አያልፍም፤ ገብርኤል ያደረበት ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር እሱም ይሰናበት ብሎ ድምፅ ይሰጣል። ዮናስ ከአባቱ የሚለየው በደግነት ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው ይሳሳታል። የሚለየው ቃሉ የሸፈነውን በዓይኑ በማየቱ ነው። አባትየውም በእጁ ይሠራዋል እንጂ አላየውም።

እዚህ ላይ ለተርጓሚዎች አንድ ነገር ጣል ማድረግ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ቃል ወደ አማርኛ ስናመጣ «አረፈ» ወይም «ዓለምን ተሰናበተ» ማለት ይቀናናል። አይሆንም። «አረፈ» ሟቹን የሚያከብር የሐዘንተኛ ቃል ነው፤ የዲስቶፒያው ቃል የቢሮ ቃል መሆን አለበት። ሠራተኛ የሚሰናበትበት፣ ፋይል የሚዘጋበት፣ ውል የሚጠናቀቅበት ቃል። በካዙኦ ኢሺጉሮ «ኔቨር ሌት ሚ ጎ» (2005) የአካል ክፍላቸውን እየሰጡ የሚያልቁት ወጣቶች «አጠናቀቁ» ይባላል፤ «ሞቱ» ተብሎ ከተተረጎመ ልቦለዱ አብሮ ሞተ። በጆርጅ ኦርዌል «1984» የጠፋው ሰው «ይተንናል»፤ ከዚያ በኋላ ሟች እንኳ አይደለም፣ ያልነበረ ሰው ነው። ሟች ቢሆን መርዶ ይኖረው ነበር።

መስፈሪያው

ሥርዓቱ ሕይወትን የሚሰፍርበት ዕቃ በየመጽሐፉ ይለያያል፤ ክብደት፣ ቁመት፣ ጤናማ ኩላሊት፣ የመውለድ ችሎታ። በቁጥር ረገድ በጣም ግልጽ የሆነው የሱዛን ኮሊንስ «ሃንገር ጌምስ» (2008) ይመስለኛል፤ የታዳጊዎች መጽሐፍ ነው ተብሎ መናቁ አግባብ አይደለም። ዕጣ የወጣባቸው ልጆች ሜዳ ገብተው አንድ እስኪቀር ይገዳደላሉ። ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ ስሙ ዕጣ ውስጥ ይገባል፤ በአሥራ ሁለት ዓመቱ አንድ ጊዜ፣ በአሥራ ሦስት ሁለት ጊዜ፣ እያለ ይጨምራል። እስከዚህ ድረስ ለሁሉም እኩል ነው። ድኻ የሆነ ልጅ ግን ስሙን አንድ ጊዜ ተጨማሪ በማስገባት ለአንድ ሰው የአንድ ዓመት እህልና ዘይት ይቀበላል፤ በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ማስገባት ይችላል፤ የገባውም ስም ከዓመት ዓመት ይጠራቀማል።

ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ካትኒስ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አምስት መደበኛ ዕጣ አላት። ለራሷ፣ ለእናቷና ለእኅቷ በየዓመቱ ሦስት ስታስገባ አምስት ዓመት ቆይታለች፤ አሥራ አምስት። ድምሩ 20። ጓደኛዋ ጌል አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሰባት መደበኛ፣ ለአምስት ነፍስ በሰባት ዓመት ሠላሳ አምስት፣ ድምር 42። የከንቲባው ልጅ ማጅ ስንት ሊኖራት ነው፣ አምስት ነው? ይላል ጌል በምሬት፤ እሱ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ስድስት ነበረው። የካትኒስ እኅት ፕሪም አንድ ብቻ አላት። ካትኒስ እህሉን ሁሉ በራሷ ስም እየወሰደች ታናሿ እንዳትጨምር ከልክላ ነበርና። የወጣው ያ አንዱ ነው።

ደራሲዋ ይህን ሒሳብ በመጀመሪያው ምዕራፍ ዘርግታ ማስቀመጧ ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ ዓመት እህል ስንት የሞት ዕድል ይገዛል የሚለው በአንባቢው እጅ ሊሰላ የሚችል ሆኗል። ገጸ ባሕርያቱንም መለየት የሚቻለው ይህን ሒሳብ ምን እንዳደረጉት በማየት ነው። ጌል ቁጥሩን ወደ ቁጣ ይለውጠዋል፤ ኋላ በጦርነቱ ጊዜ ወጥመድ ሲነድፍ ያው ሰው በሌላ ወገን ሆኖ እያሰላ ነው፤ የመጀመሪያው ፈንጂ ስንት ይገድላል፣ ለመርዳት የሚሮጡትን ሁለተኛው እንዴት ያገኛቸዋል። ካትኒስ ቁጥሩን በዕጣው ቀን ትጥሰዋለች፤ በእኅቷ ቦታ ትቆማለች። በውድድሩ ሜዳ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ሩ ስትሞትም አስከሬኗን ማንሻው አውሮፕላን መጥቶ ከመውሰዱ በፊት በአበባ ትሸፍናታለች። በዚያ ሜዳ መርዶ የሚነገረው በመድፍ ተኩስ ነው፤ አንድ ተኩስ ለአንድ ልጅ፣ ማታ ደግሞ ሰማይ ላይ ፎቶግራፍ። ካትኒስ ካሜራው ሊያልፈው የማይችል ሌላ መርዶ ሠራች። የሩ አውራጃ ሰዎች ስለዚህ የላኩላት ዳቦ ነው።

ግን ይህችው ካትኒስ በሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ፣ ፕሪም ከሞተች በኋላ፣ የድል አድራጊዎቹ መሪ የጠላትን ልጆች ለአንድ የመጨረሻ ጨዋታ ዕጣ እናውጣባቸው ስትል እስማማለሁ ብላ ድምፅ ትሰጣለች፤ ስለ ፕሪም ስል ብላ። ለመሪዋ ማዘናጊያ ነው የሚል አንባቢ ብዙ ነው፤ መሪዋን ወዲያው መግደሏም ያንን ይደግፋል። ቢሆንም ቃሉ ከአፏ ወጥቷል። አበባውንና ድምፁን ጎን ለጎን ሳያስቀምጥ ስለ ካትኒስ የሚጽፍ ሰው ግማሿን ብቻ ነው ያነበበው።

ሰባትና ስምንት

ዊንስተን ስሚዝ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሥራው የቆየ ጋዜጣ ማረም ነው። ዊዘርስ የሚባል ሹም ይተንናል፤ ቀደም ሲል በመሪው ንግግር ተመስግኖ ስለነበር ንግግሩ መስተካከል አለበት። ዊንስተን በዊዘርስ ቦታ ጓድ ኦጊልቪ የሚባል ሰው ይፈጥራል። ኦጊልቪ በሦስት ዓመቱ ከከበሮ፣ ከመሣሪያና ከሄሊኮፕተር በቀር መጫወቻ አልፈልግም ያለ፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ ለአገሩ የሞተ ጀግና ነው። ኒሻን ልስጠው ወይስ አልስጠው ብሎ ዊንስተን ትንሽ ያስብና ይተወዋል፤ የማመሳከር ሥራ ይበዛልና። የነበረው ሰው ጠፋ፣ ያልነበረው ሞቶ ተከበረ፤ በመሐሉ የቆመው ሰው ደግሞ ሥራው ደስ ብሎታል። አፋኙን ሥርዓት የሚጠላ ሰው እዚያው ሥርዓት ውስጥ ጎበዝ ሠራተኛ ሊሆን እንደሚችል ኦርዌል የተናገረው በዚህ ትንሽ የቢሮ ስሌት ነው።

የሥራ ባልደረባው ሲም ሲጠፋ መርዶው የሚመጣው በማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። የቼዝ ኮሚቴው አባላት ዝርዝር ተለጥፏል፤ የተሰረዘ ነገር የለም፤ እንደ ወትሮው ነው፤ አንድ ስም ብቻ አጥሯል። ዊንስተን አይቶት ያልፋል። ሲም እንደሚጠፋ አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ እንዲያስጠነቅቀው ግን አልዳዳውም።

አሁን አንድ እጅ እንከተል። በመጀመሪያው ክፍል ዊንስተን የድኾች ሠፈር ውስጥ ሲሄድ ቦምብ ይወድቃል። ከፍርስራሹ አጠገብ ከአንጓው ላይ የተቆረጠ የሰው እጅ ያያል። በእግሩ ወደ ቦይ ይገፋውና መንገዱን ይቀጥላል። በዚያ አገር ከሕዝቡ 85 በመቶ የሚሆኑት እነዚህ ድኾች ናቸው፤ ዊንስተን ተስፋ ካለ ከእነሱ ነው ብሎ በማስታወሻው ጽፏል። የጻፈውም ጫማው የገፋውም የአንድ ሰው ነው።

በሁለተኛው ክፍል ምዕራፍ ሰባት እናቱን በሕልሙ አይቶ ይነቃል። ልጇን በክንዷ ከልላ የያዘች ሴት። ክንዱ ምንም እንደማይመልስ እያወቀች ከለለችው፤ ለጥቅም አልነበረም። ዊንስተን ያኔ አንድ ነገር ይገባዋል። ድኾቹ ለዓላማ ሳይሆን እርስ በርስ ታማኞች ናቸው፤ ሰው ሆነው የቀሩት እነሱ ናቸው። በዚያው ቅጽበት ያ የተቆረጠ እጅ ትዝ ይለዋል፤ እንደ ጎመን ግንድ በእግሩ እንደገፋው። በመላው መጽሐፍ የሕይወት ዋጋ በጣም የገባው እዚህ ነው።

ምዕራፍ ስምንት። የተቃዋሚው ድርጅት ሰው ነው ብሎ ያመነው ኦብራየን ይጠይቀዋል፦ ለመግደል፣ ለመቶዎች ሞት ምክንያት ለመሆን፣ የሚጠቅም ከሆነ በሕፃን ፊት ላይ አሲድ ለመድፋት ዝግጁ ናችሁ? ዊንስተን አዎ ይላል። በመሐሉ አንድም ሌላ ምዕራፍ የለም። በመጨረሻ በእስር ቤቱ ዊንስተን ከእናንተ በሥነ ምግባር እበልጣለሁ ሲል ኦብራየን ቴፑን ከፍቶ የገዛ ድምፁን ያሰማዋል።

ብዙ ጊዜ የዊንስተን ውድቀት የሚባለው በማሠቃያው ክፍል 101 ውስጥ ፍቅረኛው ዩልያ ላይ አድርጉት ብሎ የጮኸበት ነው። እኔ ግን ያንን እንደ ውድቀት ለመቁጠር እቸገራለሁ፤ አይጥ ፊቱ ላይ ሊለቀቅበት የተያዘ ሰው ምን እንደሚል መስፈሪያ አይሆንም። ማንም ሳያስገድደው፣ ሰው ቤት ወይን እየጠጣ፣ ያልተወለደ ሕፃን ለዓላማ የሰጠበት ቀን ይበልጣል። ያን ቀን የተጠቀመበት ቋንቋ የማን ነበር?

የረሳችው

በሬይ ብራድበሪ «ፋራናይት 451» (1953) ከሁሉ የሚያስፈራው መጽሐፍ ማቃጠሉ አይደለም። ሚልድረድ መጽሐፍ ማቃጠል ሥራው ለሆነው ባሏ ለሞንታግ የጎረቤቷ ልጅ ክላሪስ መሞቷን የነገረችበት መንገድ ነው። ቤተሰቡ ለቅቆ ሄደ ትላለች፤ ልጅቷም የሞተች ይመስለኛል፤ መኪና ገጭቷት፤ ከአራት ቀን በፊት። ለምን አልነገርሽኝም ሲላት፣ ረሳሁት። እዚያ ቤት ውስጥ የተከለከለ መርዶ የለም፤ ያፈነው የለም፤ ተረሳ እንጂ። አሥራ ሰባት ዓመቷ የነበረች ልጅ ደሟ ደመ ከልብ የሆነው በእንቅልፍና በቴሌቪዥን መሐል ነው።

ሚልድረድን ጨካኝ ሴት አድርጎ ማየት ግን ቀላሉ መንገድ ነው። በመጽሐፉ መጀመሪያ ራሷ የእንቅልፍ ክኒን ጠርሙስ ሙሉ ውጣ ወድቃለች። የመጡት ሐኪሞች አይደሉም፤ ሆድ የሚያጥብ መሣሪያና ደም የሚለውጥ መሣሪያ የያዙ፣ ሲጋራ የሚያጨሱ ሁለት ጥገና ሠራተኞች ናቸው። እንዲህ ያለው በየሌሊቱ ዘጠኝ አሥር ስለሚገጥማቸው ሐኪም አያስፈልገውም። ሃምሳ ዶላር ተቀብለው ይሄዳሉ። በማግስቱ ሚልድረድ ምንም አላደረግሁም ትላለች። የራሷን መርዶ ያልተቀበለች ሰው የክላሪስን እንዴት ታስታውስ? ይህ ጥያቄ ሚልድረድንና ሞንታግን ለማወዳደር ከመጽሐፍ ወዳድና መጽሐፍ ጠል ክፍፍል በእጅጉ ይሻላል። ሞንታግ ከመጻሕፍቷ ጋር ራሷን ያቃጠለችው አሮጊት ስትሞት ሰውነቱ ይታመማል፤ ሥራ መሄድ ያቅተዋል። ሚልድረድ ሴትዮዋ ለእኔ ምኔ ናት ትላለች። ሞንታግም ንጹሕ ሆኖ አይቀርም፤ አለቃውን በእሳት ያጋየዋል። ሆኖም እየሮጠ እያለ ሰውየው መሞት ፈልጎ ነበር የሚል ሐሳብ ያስቆመዋል፤ ሟቹ ያሳደደው ጠላቱ ሆኖም መርዶው ደረሰው።

ለምን አልሸሹም?

ስለ «ኔቨር ሌት ሚ ጎ» ሁልጊዜ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው። አጥር የለም፣ ዘበኛ የለም፣ ተራኪዋ ኬቲ መኪና እየነዳች አገር ታቋርጣለች። ለምን አትሄድም? ጥያቄው የአመፀኛና የተገዢ ሚዛን ስለያዘ ነው መልስ የማያገኘው። ኬቲ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ አስታማሚ ሆና ሠርታለች፤ መጽሐፉም የሚከፈተው ሥራዋን በመመስከር ነው። የእሷ ለጋሾች ቶሎ ያገግማሉ፣ ከአራተኛው ልገሳ በፊት እንኳ የሚረበሽ የለም። ሥርዓቱ የሰጣት መስፈሪያ ይህ ነው፤ ትኮራበታለች። ከዲ-503 ኩራት ጋር አንድ ነገር ነው እንዳይባል ግን ልዩነት አለ። ዲ-503 የአሥሩን ሰዎች ስም አያውቅም፤ ኬቲ የጓደኛዋን የሩትን የእርሳስ መያዣ ሳይቀር ታስታውሳለች። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር የሁለት ሰዎች መርዶ ነው፤ የሩትና የቶሚ።

ሩት በሁለተኛው ልገሳ ታጠናቅቃለች፤ ቶሚ በአራተኛው። የቶሚ ሞት አይተረክም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኬቲ ወደ ኖርፎክ ትነዳለች፣ ነፋስ ያመጣው ላስቲክና ቆሻሻ የተሰቀለበት አጥር ጋ ትቆማለች፣ ከልጅነት የጠፋባት ነገር ሁሉ እዚህ ተጠራቅሞ ቢሆን ብላ ለአንድ አፍታ ታስባለች። ከዚያ ወደ መኪናዋ ተመልሳ መገኘት ወዳለባት ቦታ ትሄዳለች። ያቺ ቀጣይ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ይዛለች፤ ሐዘኑንም፣ ሰዓት አክባሪነቱንም። እርሟን ያወጣችው ለሥራ በሚተርፍ ደቂቃ ነው።

የቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ኃላፊም ልትታይ ይገባል። ሥዕላቸውንና ግጥማቸውን የሰበሰቡት ልጆቹ ነፍስ እንዳላቸው ለሕዝብ ለማስረዳት እንደነበር ትነግራቸዋለች። ቸር ሴት ናት፤ ለእነሱ ስትል ተዋርዳለች። ግን የሷም መንገድ መስፈሪያ ነው፤ ሥዕል መሣል የማይችለውስ? ቶሚ በልጅነቱ ሥዕል የማይሆንለት ልጅ ነበር።

በአልደስ ሃክስሊ «ብሬቭ ኒው ወርልድ» (1932) ያለችውን አንድ ቦታ ብቻ ላንሳ፤ አስከሬኑ የት ደረሰ ለሚለው ከዚያ የተሻለ መልስ የለም። ሌኒናና ሄንሪ ከአስከሬን ማቃጠያው በላይ ይበርራሉ። የጭስ ማውጫዎቹ ፎስፈረስ ያጠራቅማሉ፤ ድሮ ይባክን ነበር፣ አሁን 98 በመቶው ይመለሳል፣ ከአንድ አዋቂ ሰው ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ፣ ለማዳበሪያ። ሌኒናን የገረማት ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ሰዎች ከዝቅተኞቹ የተሻለ ተክል አለማብቀላቸው ነው። ሰው ሁሉ በኬሚስትሪ እኩል ነው ይላታል ሄንሪ። በዚያ አገር እኩልነት የሚገኘው ከጭሱ በኋላ ነው።

ልቦለዱና ኮሚቴው

ከርት ቮኔገት በ1962 ባወጣው አጭር ልቦለድ የአሜሪካ ሕዝብ 40 ሚሊዮን ላይ ቆሟል፤ አንድ ሕፃን እንዲኖር አንድ ሰው ፈቅዶ መሞት አለበት። አንድ አባት ሦስት ልጆች ባንዴ ይወለዱለታል፤ ያገኘው ፈቃደኛ አያታቸውን ብቻ ነው። ታሪኩ የሚያልቀው አባትየው ሐኪሙን፣ የመሥሪያ ቤቱን ሴትና ራሱን በመግደል ነው፤ ሦስት ለሦስት። በዚያው ዓመት በኅዳር ላይፍ መጽሔት ስለ ሲያትል ከተማ አንድ ኮሚቴ ጻፈ። የኩላሊት ማጠቢያ መሣሪያው ጥቂት ነበር፣ ሕመምተኛው ብዙ። ማን መሣሪያው ላይ ይውጣ የሚለውን ሰባት ስማቸው ያልተገለጠ ሰዎች ይወስኑ ነበር፤ ዕድሜ፣ ትዳር፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ገቢ፣ ትምህርት፣ ወደፊት ለኅብረተሰቡ የሚሰጠው ጥቅም ሁሉ ይታይ ነበር። በ2003 ደግሞ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የአየር ብክለት ደንብ ጥቅም ሲያሰላ ከ70 ዓመት በላይ ያለን ሰው ሕይወት በ37 በመቶ ዝቅ አድርጎ የገመተበት ሠንጠረዥ ወጣ።

ስሌት ሁሉ ዲስቶፒያ ነው ማለት አይደለም። መሣሪያው ሦስት፣ ሕመምተኛው ሠላሳ ከሆነ አንድ ሰው መምረጥ አለበት። ልዩነቱ ቀጥሎ በሆነው ነው። የሲያትል መስፈሪያ በመጽሔት ወጣ፣ ለሕክምና ሥነ ምግባር ክርክር መነሻ ሆነ፤ በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት የኩላሊት ሕክምናን በመንግሥት ወጪ እንዲሸፈን አደረገ። የ37 በመቶው ቅናሽም አዛውንቱ ስለተቆጡ በዚያው ዓመት ቀረ። መርዶው ለባለቤቱ ደርሶ ነበር። በልቦለዶቹ ውስጥ ያለው ስሌት ከእነዚህ አይከፋም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ይሻላል፤ የጎደለው የሚቆጣ ሰው ነው።

ይህ እኛንም አንባቢዎችን ይነካል፤ ገጸ ባሕርያትን ስናወዳድር እኛም መስፈሪያ ይዘን ነውና። ማርጋሬት አትዉድ ይህን በ«ዘ ሃንድሜይድስ ቴል» (1985) አውቃ ሠርታዋለች። ተራኪዋ የምትጠራው በጌታዋ ስም ነው፤ የፍሬድ፣ ኦፍሬድ። የምትመዘነው በማኅፀኗ ነው። ታሪኳን ከሠላሳ በሚሆኑ ካሴቶች ላይ ትቀዳዋለች። ከትረካው በኋላ ብዙ አንባቢ እንደ ተጨማሪ ነገር የሚዘለው ክፍል አለ፤ ሰኔ 2195፣ የምሁራን ጉባኤ። ሥርዓቱ ወድቋል፣ ነፃነት ነው፣ ቀልድ ይፈቀዳል። ፕሮፌሰሩ በሴቶቹ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀልዳል፣ አዳራሹ ይስቃል። ከዚያ የጥናቱን ትልቁን ክፍል ጌትየው ማን እንደነበር ለመለየት ያውለዋል። የእሷን ትክክለኛ ስም አላገኘውም። የሚቆጨው ሌላ ነገር ነው፤ ከጌትየው ኮምፒውተር ሃያ ገጽ ያህል ቢገኝ ኖሮ ይላል። ከዚያ ጥያቄ ያለው አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።